የጁባ ተጠየቅ

ሁለት ሐበሻ ጀበና ከበው ከተቀመጡ ደረጃ ማውጣታቸው አይቀርም። ጥላሁን ይበልጣል ማሕሙድ? አበበ ቢቂላ ወይስ ኃይሌ? የጎጃም ማር ወይስ የትግራይ? አንዱ ሳይሾም፣ ሌላው ሳይሻር በረካው አይጠጣም። እኔን የሚያናድደኝ ክርክሩ ራሱ አይደለም። «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» ያለ ሰው ከጦር ሜዳ የሸሸ ተደርጎ መቆጠሩ ነው።

ጥፋቱ ከትምህርት ቤት ይጀምራል። ልጆች ሳለን «ከብዕርና ከሰይፍ የቱ ይበልጣል?» እያሉ በሁለት ቡድን ከፍለው ያከራክሩን ነበር። ብዕር ተሸንፎ አያውቅም። ዳኞቹ መምህራን ናቸዋ! ያው ክርክር ጦር ሰፈር ውስጥ ቢካሄድ ማን ያሸንፍ እንደነበር የጠየቀ ልጅ ግን አላጋጠመኝም። ለእኔም ጥያቄው የመጣልኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጁባ ላይ፣ በአንድ ኪሎ ጥብስ ምክንያት ነው።

ጁባ ለዚህ አመላችን የተመቸች ከተማ ናት። ሙቀቱ ሰውን ከቤት ያስወጣዋል፤ የማታው መንገድ ደግሞ ሩቅ አያስኬደውም። ስለዚህ ሁሉም ለሰፈሩ የሚቀርበው የሐበሻ ምግብ ቤት ግቢ ገብቶ የፕላስቲክ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ምግቡ ተበልቶ ቡናው እስኪደርስ ያለው ጊዜ አደገኛ ነው። አገር የሚፈርሰውም የሚገነባውም ያኔ ነው። ከመካከላችን አንድ የሒሳብ መምህር አለ፤ ቅዳሜ ማታ ተማሪ ስለማያገኝ እኛን ያስተምራል። «ለመሆኑ የሰው ልጅ ከፈጠረው ሁሉ ትልቁ ምንድን ነው?» ያለው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ ያን ዕለት የተሟላነው በስንት መከራ ነው። «በአንድ ሰዓት እንገናኝ» ተባብለን ነበር። የደቡብ ሱዳን ሰዓት ድሮ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነበር። ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021፣ መንግሥት የአገሩን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። ከዚያ ወዲህ የጁባ ሐበሻ ሦስት ዓይነት «አንድ ሰዓት» አለው። ልቡ አዲስ አበባ የቀረው ፀሐይ ስትጠልቅ መጥቶ ይቀመጣል። ጁባን የለመደው ከእሱ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ለፈረንጅ ድርጅት መኪና የሚያሽከረክረው ጓደኛችን ደግሞ በምሳ ሰዓት መጥቶ፣ ሰው አጥቶ፣ ረግሞን ሄዷል። ስለዚህ ሰዓትን ለትልቅ ፈጠራነት የሚያጭ በመካከላችን አልነበረም።

ዳኛ ተፈለገና ጋሼ ተመረጡ፤ ዕድሜያቸውም ጢማቸውም ለዳኝነት ይመቻል። ጋሼ ወግ አዋቂ ናቸው። «እንዲህ በየወንበሩ ተጋድሞ ሙግት የለም» አሉ። የጥንቱ ተሟጋች ቆሞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እየወዘወዘ «ተጠየቅ!» ብሎ ነበር ባላጋራውን የሚይዘው። መወራረጃም ያስይዛል፤ ማር፣ ሲብስም በቅሎ። ጁባ ላይ በቅሎ ከየት ይምጣ? አንድ ኪሎ ጥብስ ተያዘ። የተረቱት ተካፍለው ይክፈሉ ተባለ።

መምህሩ ቀድሞ ቆመ። የእሱ ዕጩ የማተሚያ መኪና ነው። «አንድ ዳዊት ለመጻፍ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ቁም ጸሐፊው ወራት ሙሉ ያጎነብስ ነበር። ጀርመናዊው ጉተንበርግ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ መኪናውን ሠራ። ስልሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1513፣ የእኛው መዝሙረ ዳዊት በእኛው ፊደል ሮም ላይ ታተመ። ተጠየቅ! ከዚህ የሚበልጥ አለ?»

«አለ እንጂ» አለ የጀነሬተር መካኒኩ። «በምን ብርሃን ልታነበው ነው?»

መካኒኩ ነገሩን ከሥሩ ያውቀዋል። ፋራዴይ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈስ አሳየ፤ የመካኒኩ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ጥቅል ይወጣል። ጁባ ጁላይ 9 ቀን 2011 የነጻ አገር ዋና ከተማ ስትሆን ለሁሉ የሚዳረስ መብራት አልነበራትም። ሆቴሉም፣ ሚኒስቴሩም፣ ፀጉር ቤቱም በየራሱ ጀነሬተር ያመሽ ነበር። የሰው ሀብት የሚለካው በጆሮ ነው፦ ትንሿ የቤንዚን ጀነሬተር እያስነጠሰች የምታመሽበት ቤት ገና ጀማሪ ነው፤ በብረት ሳጥን የታፈነው የናፍጣው ቀስ ብሎ የሚያጉረመርምበት ግቢ የትልቅ ሰው ነው። ጨርሶ ድምፅ የማይሰማበት ቤት ወይ ደሀ ነው፣ ወይ ሶላር አለው።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ላይ 33 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረና ለከተማው ከፊል መብራት ገባለት። «መብራት መጣ!» ብሎ ሰፈሩ ሲያጨበጭብ መካኒኩ በሩን ዘግቶ ሐዘን ተቀመጠ ይባላል። እሱ «ወባ ይዞኝ ነው» ይላል። ያም ሆነ ይህ መብራቱ መጣ ሄደ ማለት ሲጀምር ጤናው ተመለሰ።

የናፍጣው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ደቡብ ሱዳን የነዳጅ አገር ናት፤ መንግሥቷ ከሞላ ጎደል የሚተዳደረው በድፍድፍ ነው። ድፍድፉ ግን በቧንቧ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፖርት ሱዳን ይጓዛል። ጁባ ጀነሬተር ውስጥ የሚገባው ናፍጣ ከሞምባሳ ተነሥቶ፣ ኬንያንና ዩጋንዳን አቋርጦ፣ ከኒሙሌ ድንበር 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ጨርሶ ነው የሚደርሰው። አስፋልቱም ቢሆን በአሜሪካ ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ያለቀ ነው። ጤፍህን ሸጠህ ከጎረቤት እንጀራ እንደመግዛት ማለት ነው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ከማዕድ ቤት ብቅ አለች። «ጀነሬተርህማ ምጣዴን ማንሳት አቅቶት አይደል?» አለችው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ሦስት ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። ምጣዱ ሲሰካ ፍሪጁ ይሞታል፣ ፍሪጁ ሲነሣ ምጣዱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በዚያ ቤት ወይ ትኩስ እንጀራ፣ ወይ ቀዝቃዛ ቢራ እንጂ ሁለቱን ባንድ ማታ የቀመሰ የለም።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ አጎበር እል ነበር። ጁባ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ነዳጅ ለመቆጠብ ጀነሬተሩ ይጠፋል፤ ማራገቢያው ቀስ እያለ ይቆማል፤ ቀጥሎ የምትሰማው የቢምቢ ድምፅ ነው። አጎበሩ ላይ ምስር የምታሳልፍ ቀዳዳ ካለች ሌሊቱን የምታድረው ከቢምቢዋና ከቤተሰቧ ጋር ነው። ይህን ሁሉ አስቤ ዝም አልኩ፤ አጎበር ይዞ የተነሣ ተሟጋች ያስቃል።

ቀጥሎ የውሃ ቦቴ ሾፌሩ ተነሣ። «መብራት በሌለበት ሰው ኖሯል። ውሃ በሌለበት የኖረ ካለ ይምጣ!» አለ። ጁባ ነጭ ዓባይ ዳር ናት። ወንዙ እዚያው ሰፍቶ ይፈሳል፣ ከተማው ግን ውሃ ይገዛል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ስለ እኛው ዓባይ ነበር፤ ነጩ የሚወርደው ከቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል ነው፣ ምሳሌው ግን ለሁለቱም ይበቃል። ቦቴዎቹ ወንዙ ዳር ከሚገኘው መቅጃ ሞልተው እየዞሩ በየግቢው ሮቶ ይገለብጣሉ። ሮቶ የሌለው በበርሜል፣ በርሜል የሌለው በጀሪካን ይገዛል። ይህን ሥራ ለዓመታት ሐበሾች፣ እኛም ኤርትራውያኑም፣ በብዛት ሠርተነዋል።

መምህሩ ጣልቃ ገባ። «ታዲያ ትልቁ ፈጠራ ቧንቧ ነዋ!»

«ቧንቧ?» አለ ሾፌሩ በቁጣ። «ቧንቧኮ ዝም ብሎ መሬት ውስጥ የተኛ ነገር ነው! መሪ የለው፣ ጡሩምባ የለው።»

«ድልድይስ?»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበ። ጃፓኖች ዓባይ ላይ የሠሩት የነጻነት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲከፈት ከቆየው የጁባ ድልድይ ወረፋ ገላግሎታል። «ድልድይ እቀበላለሁ» አለ፤ «ቦቴ ያሳልፋል።»

የብዕርና የሰይፉ ነገር ትዝ ያለኝ ይሄን ጊዜ ነው። መካኒኩ የሚፈራው የመብራት መስመር ነው፤ ሾፌሩ የሚፈራው ቧንቧ። ሁለቱም የሚያወድሱት፣ ዋናው ነገር ጁባ እስኪደርስ ድረስ በእሱ ፈንታ የቆመውን ተተኪ ነው። ነገሩን ካነሣን የጁባ ሐበሻ እንጀራ የተጋገረው ገና ባልመጣ ነገር ላይ ነው። ከ1997 ዓ.ም. የሱዳን የሰላም ስምምነት ማግስት፣ ጁባ ሆቴል አጥታ እንግዳ በድንኳንና በኮንቴይነር ስታሳድር፣ አልጋ አነጠፍን። ቧንቧ ሳይኖር ውሃ አዞርን። መስመር ሳይዘረጋ ካንዴላ ቀየርን። ሁሉም የተሟላ ቀን ምን ልንሠራ ነው? ይህንንም ጮክ ብዬ አላልኩም፤ ከነገሩ ጦም እደሩ።

ኮኞ ኮኞ ገበያ ስልክ የሚጠግነው ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየን። «ትልቁ ፈጠራ ይኸው! ለዚያውም ኢሞ። እናቴን ደሴ ድረስ በየቀኑ አያታለሁ።» እውነቱን ነው፣ ያያታል። መጀመሪያ የሚያየው ግንባሯን ነው። ከዚያ ለመስማት ስልኩን ወደ ጆሮዋ ትወስደዋለች፤ ቀሪውን ጊዜ ጆሮዋን ያያል። በመጨረሻ ኔትወርኩ ይቆምና አፏን እንደከፈተች ትቀራለች፤ ምን ልትለው እንደነበር ሳይታወቅ ካርዱ ያልቃል። ጋሼ «ጆሮ ለማየት ጥሩ ነው» ብለው ከመዝገብ ሰረዙት።

የቤቱ ባለቤት በበኩሏ ዕቁብ አለች። ይህ ምግብ ቤት የተከፈተው ባንክ አበድሯት አይደለም፤ ዕቁቧ በመጀመሪያው ዙር ስለደረሳት ነው። የአገሩ ሴቶችም ሰንዱቅ የሚሉት ያው ነገር አላቸው፤ ዕጣ ሲወጣ የሚጮኸውን ጩኸት ሰምቼ ልዩነት አላገኘሁበትም። መምህሩ ግን ተቃወመ። ፈጣሪው ማን ነው? በስንት ዓመተ ምሕረት? ይህ ካልታወቀ አይመዘገብም አለ።

«እንጀራንስ ማን ፈጠረው?» አለችው። «ስሙን ሳትጠይቅ ሁለት በልተሃል።»

ቡናውን የሚያፈሉት እትዬ እስካሁን አልተናገሩም። ማራገቢያቸውን አስቀመጡና ተነሡ። «ጀሪካን» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን።

«ሳቁ! ከመካከላችሁ እንስራ ያዘለ አለ?»

የለም። እትዬ የወሎ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ከምንጭ ውሃ የቀዱት በሸክላ እንስራ ነው። እንስራ ባዶውን ይከብዳል። ገመዱ ደረት ይከረክራል። ዳገት ላይ እግር የከዳ ቀን ውሃውም እንስራውም ይሄዳል፤ ቤት ሲደረስ ደግሞ እናት አለች። «ቢጫው ጀሪካን የመጣ ሰሞን ወደቅሁ። ጀሪካኑ እየተንከባለለ ቁልቁል ሄደ። ተከትዬ ወርጄ፣ እንደገና ቀድቼ፣ አዝዬው መጣሁ። ያን ቀን አልተገረፍኩም። አንተ ደግሞ ዳዊት ታተመ ትለኛለህ!»

«የኔስ ቦቴ?» አለ ሾፌሩ ቅር ብሎት።

«ያንተማ ጎማ የገባለት ጀሪካን ነው።»

መምህሩ ማተሚያውን ወዲያው ረስቶ ከእትዬ ጎን ተሰለፈ፤ ያነበበው ነገር ከተነሣ ወገን አይመርጥም። የመጀመሪያውን 20 ሊትር ጀሪካን ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ለጦራቸው ነዳጅ መያዣ ከብረት ሠሩት አለ። እጀታው ሦስት ነው። ሙሉውን አንድ ሰው በመካከለኛው እጀታ ያነሣዋል፣ ወይም ሁለት ሰዎች በዳርና በዳር ይይዙታል፤ ባዶ ሲሆን አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ይይዛል። አናቱ ላይ አየር የሚቀርበት ቦታ ስላለው ቤንዚን ሞልቶት እንኳ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነዳጅ የሚይዙት በስስ ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮው መንገድ ላይ ሲያፈስባቸው የጠላትን ጀሪካን እየማረኩ መጠቀም ያዙ፤ ኋላም አስመስለው ሠሩት።

«እንግዲያው የጦር መሣሪያ ነው!» አለ መካኒኩ። «ሰይፍ አሸነፈ በለኛ!»

«ይንሳፈፋል» አለ አንድ ድምፅ።

ከጎናችን ብቻቸውን ሽሮ ሲበሉ የቆዩ ረጅም አዛውንት ናቸው፤ የአገሩ ሰው። ጁባ ላይ ሐበሻ ሊጠነቀቅ የሚገባው ይህንን ነው። አማርኛ አይሰማም ብለህ ስታማው ያመሸኸው ሰው ሲነሣ በአማርኛ «ደህና እደሩ» ይልሃል። የደቡብ ሱዳን ነጻ አውጪ ጦር ከተመሠረተ ጀምሮ ደርግ እስኪወድቅ ዋና መደገፊያው ኢትዮጵያ ነበረች፤ በጋምቤላ፣ ኢታንግና ፉኝዶ ሠፈር ያደገው ሰው ብዙ ነው።

አዛውንቱ ፉኝዶ ነበሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሠፈሩ ተነቅሎ ወደ ድንበር ሸሸ። የጊሎ ወንዝ ሞልቷል፣ ከኋላ ተኩስ አለ። ብዙ ሰው፣ ብዙ ልጅ፣ ጊሎ ላይ ቀርቷል። «እኔ ዋና አላውቅም» አሉ። «የዘይት ጀሪካን ነበረኝ፣ ባዶ። ክዳኑን አጠበቅሁና አቀፍኩት።» ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ ወደ ሽሯቸው ተመለሱ።

መምህሩ እንኳ ዓመተ ምሕረት አልጠቀሰም።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ጀሪካን ረቷል» አሉ።

«ይግባኝ!» አለ ሾፌሩ። ምክንያት አለው። ጋሼ ኮኞ ኮኞ ላይ የምግብ ዘይት ያከፋፍላሉ። «ዳኛው ጥቅም አላቸው! ዘይቱ ካለቀ ባዶውን ጀሪካን ይሸጡታል!»

«እኔ ዘይት ነው የምሸጠው» አሉ ጋሼ ሳይናደዱ። «ጀሪካኑ ምርቃት ነው።»

«ምርቃት?» አለ ስልክ ጠጋኙ። «ትናንት በገንዘቤ አይደል እንዴ የሸጡልኝ?»

ይግባኙን የሚሰማ ሌላ ዳኛ ስላልተገኘ ፍርዱ ጸና። ጥብሱ መጣ። አዛውንቱም በግድ ተስበው ቀረቡ፤ የሽሯቸው ሒሳብ በተረቺዎች ላይ ተደመረ። መምህሩ መሐል ላይ ወገን ስለቀየረ ይክፈል አይክፈል የሚል አዲስ ሙግት ተነሣና ጋሼ «ግማሹን ይክፈል» ብለው ፈረዱ።

መክፈል ደግሞ ጁባ ላይ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ አንድ ዶላር በመንግሥት ዋጋ ሦስት ፓውንድ አይሞላም ነበር። በዲሴምበር 2015 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ባንድ ጊዜ 18 ተኩል ገባ። ዛሬ በሺህ ነው የሚጠራው። ስለዚህ ሰው ገንዘቡን የሚይዘው በፌስታል ነው፤ የሚቆጥረውም በእስር።

እስሮቹ ካሸሯ ፊት ተደረደሩ። ማታውን ሙሉ ከባንኮኒው ኋላ ነበረች፤ አንቺስ ምን ትያለሽ ያላት የለም። ከእያንዳንዱ እስር ላስቲኩን እየፈታች አንጓዋ ላይ ታጠልቃለች፣ ትቆጥራለች፣ መልሳ ታስራለች።

መምህሩ አላስቻለውም። «ይህቺ ላስቲክኮ እ.ኤ.አ. በ1845 ለንደን ላይ ስቲቨን ፔሪ በሚባል ሰው ስም የፈጠራ መብት ወጥቶላታል» አላት።

«እኔ ከገበያ ነው የምገዛት» አለች ቀና ሳትል። «ፓውንዱ በረከሰ ቁጥር ብዙ ታስፈልጋለች።»

መልሱን አስራ ሰጠችው። ኪሱ ሊከተው ሲል እጇን ዘረጋች።

«ምነው፣ ጎደለ?» አላት።

«ፓውንዱን ውሰድ» አለችው። «ላስቲኬን መልስልኝ።»